ርቆ የተቀመጠው ቴሌፎነኛ

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላል ያገራችን ሰው። ቴሌፎን የሚባለው ዕቃ የተፈጠረው ይህን ተረት ሊያፈርስ ይመስላል፤ እውነትም ብዙ ጊዜ አፍርሶታል። ልጇ ጅዳ ያለባት የድሬዳዋ እናት፣ ግድግዳ ብቻ ከሚለያት ጎረቤቷ ይልቅ ባሕር ከሚለያት ልጇ ጋር አብዝታ ታወራለች። ዛሬ ላነሳላችሁ የፈለግሁት ግን በስልክ ስለምናነጋግረው ሰው አይደለም። ድምፁን ሰምተን ስለማናውቀው፣ ስሙንም ስለማናውቀው፣ ጠረጴዛችን ላይ ያለውን ስልክ ግን ከኛ ይበልጥ ስለሚያዝዘው ሰው ነው።

ነገሩን በደንብ ለማየት ወደ ቢዮ አዋሌ እንውጣ። ቢዮ አዋሌ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ካሉት የገጠር ቀበሌዎች አንዷ ናት። «ቢዮ» በሶማሊኛ ውሃ ማለት ነው፤ ውሃ ብርቅ በሆነበት አገር በውሃ ስም መጠራት ራሱ አንድ ታሪክ ነው። የአካባቢው ገበሬ ማሽላና ጫት ያበቅላል፣ ከብትና ፍየል ያረባል። ኦሮምኛና ሶማሊኛ ይናገራል፤ ገበያ ሲወርድ አማርኛውንም ይጨምርበታል። እዚህ አንድ ዕቃ ቢበላሽ ጠጋኝ የሚመጣው ከከተማ ነው። ጠጋኝ ማምጣት ደግሞ መኪና፣ ነዳጅ፣ አበል፣ የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ ይጠይቃል። መኪናው ሌላ ቦታ ከሄደ «ነገ»፣ ነገ ደግሞ «ሰኞ» ይሆናል።

እንበል እንግዲህ፤ በዚህ ቀበሌ፣ በአንድ የሥራ ጠረጴዛ ላይ የኢንተርኔት ስልክ ተቀምጧል እንበል።

መልኩ ሲታይ እንደ ማንኛውም የቢሮ ስልክ ነው። እጀታ አለው፣ ቁጥር መምቻ አለው፣ ይጮኻል። ከጀርባው የሚገባው ግን የስልክ ሽቦ ሳይሆን ኮምፒውተር ላይ የሚሰካው የኔትወርክ ገመድ ነው። ተናጋሪው «ሄሎ» ሲል ድምፁ ወደ ቁጥር ይለወጣል። የአንድ ሴኮንድ ንግግር አብዛኛውን ጊዜ ሃምሳ ቦታ ይቆራረጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ አድራሻ እንደተጻፈበት ፖስታ ለብቻው ይጓዛል፤ ማዶ ሲደርስ ተገጣጥሞ እንደገና ድምፅ ይሆናል። ኢሜይል በሚሄድበት መንገድ ጨዋታውም ይሄዳል ማለት ነው።

ዋናው ቁም ነገር ያለው ግን ከ«ሄሎ» በፊት ነው። ይህ ስልክ ከካርቶኑ ወጥቶ ገመዱ ሲሰካ ምንም አያውቅም። የማን እንደሆነ፣ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ፣ በማን በኩል እንደሚደውል አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠውን ባለ አሥራ ሁለት ሆሄ መለያ። ስለዚህ ሲነቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጌታዬ ማነው?» ብሎ ነው። ኔትወርኩ «ጌታህ በዚህ አድራሻ ነው» ይለዋል። ስልኩ ወደተባለው አድራሻ ይሄድና መለያውን ያሳያል፤ በመለያው ስም የተዘጋጀ ሰነድ ይሰጠዋል። ሰነዱ ላይ ሁሉም ነገር ተጽፏል። ቁጥርህ ይህ ነው፤ የምስጢር ቃልህ ይህ ነው፤ ወደ ውጭ አገር መደወል ተፈቅዶልሃል ወይም ተከልክለሃል፤ ይህ ቁልፍ ሲጫን ለእገሌ ደውል፤ ስክሪንህ ላይ የምታወጣው ቋንቋ ይህ ነው። ስልኩ ሰነዱን ያነባል፣ ራሱን እንደታዘዘው ያስተካክላል፣ አንዳንዴም ጠፍቶ ይበራል፣ ከዚያ ሥራ ይጀምራል። ይህ ሁሉ ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ስልኩ ከዚያ በኋላ በየጊዜው ወደ ጌታው እየተመለሰ «አዲስ ትእዛዝ አለ?» ይላል። ያ ሩቅ ያለ ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ ቁጥሩን ይለውጣል፣ የአንዱን ጥሪ ወደ ሌላው ያዞራል፣ ሶፍትዌሩን ያድሳል፣ ያጠፋል፣ ያበራል። ማን ለማን፣ መቼ፣ ለስንት ደቂቃ እንደደወለም ማየት ይችላል። ሰውየው ድሬዳዋ ሊቀመጥ ይችላል፤ አዲስ አበባም፣ ዱባይም ሊቀመጥ ይችላል። አንድ ሰው በአንድ ኮምፒውተር የብዙ መቶ ደንበኞችን ስልኮች ሊያስተዳድር ይችላል። ለቢዮ አዋሌ ዓይነቱ ቦታ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ መኪና አይጠበቅም፣ አበል አይጠየቅም፣ «ሰኞ» የለም።

ታዲያ ምን ይዘህ መጣህ የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

*

ራስ መኮንን በ1881 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ኢጣልያ ሄደው ሲመለሱ ካመጧቸው ዕቃዎች መካከል ቴሌፎን እንደነበረበት ይተረካል። በቤተ መንግሥቱ ሲሞከር ካህናቱ ከሽቦ ውስጥ የሚወጣውን ድምፅ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደተቃወሙት፣ ምኒልክ ግን እንዳልሰሟቸው ይነገራል። ከአድዋ ድል በኋላም ብዙ ሳይቆይ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን የስልክ መስመር ተዘረጋ። የእንጨቱን ምሰሶ ምስጥ ይበላው፣ ዝሆን ይገፋው እንደነበር፣ ሽቦውንም ለአምባርና ለጌጥ የሚቆርጠው ሰው እንዳልጠፋ ተጽፏል። ያም ሆኖ መስመሩ ሠራ። የአገራችን የመጀመሪያው ረጅም የስልክ መስመር የምሥራቁ መስመር ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያ መስመር የተዘረጋው ሰው ከሰው «እንደምን አደርክ» እንዲባባልበት አልነበረም። ንጉሡ አዲስ አበባ ተቀምጠው ሐረርን እንዲያዙበት፣ የሐረሩ ገዥ የወደብ ወሬ ለንጉሡ እንዲያደርሱበት ነበር። ቴሌፎን ወደ አገራችን የገባው የሕዝብ ምላስ ሆኖ ሳይሆን የመንግሥት ክንድ ሆኖ ነው። ርቆ ተቀምጦ ማዘዝ የዛሬው የኢንተርኔት ስልክ የፈጠረው አይደለም፤ የስልክ የመጀመሪያ ሥራው ያው ነበር። ገበሬው በስልክ ሲታዘዝ ኖረ እንጂ በስልክ ሳይናገር ብዙ ትውልድ አለፈ።

በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ደረሰ። ሐዲዱን ሐረር ተራራ ላይ ማውጣት ስላስቸገረ ከተራራው ሥር አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ «አዲስ ሐረር» እስከ መባል ደርሶ ነበር። ድሬዳዋ እንግዲህ መንገድ የወለዳት፣ በመገናኛ ተወልዳ በመገናኛ ያደገች ከተማ ናት። ዙሪያዋ ያሉት የገጠር መንደሮች ግን የባቡሩን ፉጨት እየሰሙ ባቡሩ የማይቆምላቸው፣ ሽቦው በአጠገባቸው እያለፈ ቤታቸው የማይገባ ሆነው ለረጅም ዘመን ኖሩ።

በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ስሙ ብዙ ጊዜ ተለዋወጠ፤ አገልግሎት ተባለ፣ ባለሥልጣን ተባለ፣ ኮርፖሬሽን ተባለ፣ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። ሕዝቡ ግን ስም ማጥናቱን ትቶ «ቴሌ» ብሎ ጨርሶታል። በዚያ ዘመን በየከተማው አንድ የታወቀ ሰው ነበር፤ ቴሌፎነኛው። አንዳንድ ቦታ ሴት፣ አንዳንድ ቦታ ወንድ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ፣ ፊቱ ባለው ሰሌዳ ላይ ገመድ ከቀዳዳ ቀዳዳ እየሰካ ሰውን ከሰው ያገናኛል። ያለ እሱ ማንም ከማንም አይነጋገርም።

ቴሌፎነኛው የሚያውቀውን ነገር እስቲ አስቡት። የትኛው ነጋዴ የትኛውን ነጋዴ እንደሚፈልግ ያውቃል። የማን ልጅ አዲስ አበባ ገንዘብ እንደጨረሰ ያውቃል። መርዶ ሲመጣ ከሟቹ ቤተሰብ በፊት የሚሰማው እሱ ነው። ባገራችን መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ለጎረቤት ወይም ለዘመድ ይነገርና ሽማግሌ በማለዳ ሄዶ ያረዳል። ቴሌፎነኛው ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ ያንን ምስጢር ይዞ ያድራል። ጠዋት ሟች ቤት በር ላይ ሲያልፍ አንገቱን ደፍቶ ሰላም ብሎ ያልፋል። ምን ይዞት ነው? ደንብ ሊሆን ይችላል። ከደንቡ ይልቅ ግን ይሉኝታ ነው። ነገ ያው ሰው ዕድር ላይ ያገኘዋል፤ ልጁን ሲድር ይጠራዋል። ጆሮው ሥልጣን ነበረው፤ ሥልጣኑን የሚገታው ደግሞ አብሮ መኖሩ ነበር።

ሁሉም ቴሌፎነኛ ጨዋ ነበር ለማለት አይደለም። ሐሜት አላወጣም፣ ለአለቃ ወሬ አላቀበለም፣ ጉቦ ላልሰጠው ሰው «መስመር ተይዟል» አላለም የሚል ሰው ካለ ያን ዘመን አያውቀውም። በሌላውም አገር እንዲሁ ነበር። በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ አልሞን ስትሮውጀር የሚባል አስከሬን ገናዥ ነበር። እንደሚተረከው የከተማዋ ቴሌፎነኛ የተፎካካሪው ገናዥ ሚስት ስለነበረች፣ ሰው ሞቶበት የሚደውለውን ሁሉ ወደ ባሏ ታገናኘዋለች፤ ገበያው ደረቀበት። ሰውየው በንዴት ተነሥቶ ቴሌፎነኛ የማያስፈልገው፣ ደዋዩ ራሱ ቁጥር እየመታ የሚገናኝበት ማዞሪያ ፈለሰፈ። እ.ኤ.አ. በ1891 የፈጠራ መብቱ ተመዘገበለት። ዓለም በሙሉ በሱ መንገድ ሄደ። ከመቶ ዓመት በላይ ቴሌፎነኛውን ከመካከል ያወጣነው መሰለን።

የኢንተርኔት ስልክ ሲመጣ ቴሌፎነኛው ተመልሶ መጣ። አሁን ግን የሚቀመጠው ሩቅ ነው፤ ዕድራችን ውስጥ የለበትም።

*

የዚህ ስልክ ታሪክ ባገራችን እንዴት እንደተጀመረ ብንመለከት ነገሩ ይበልጥ ይገርማል።

እ.ኤ.አ. በ1995 ቮካልቴክ የተባለ የእስራኤል ኩባንያ በኢንተርኔት ድምፅ የሚያመላልስ ፕሮግራም ለገበያ አወጣ። ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1989 ዓ.ም. ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ በየከተማው ኢንተርኔት ቤት ተከፈተ። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሁሉ አንድ ነገር አወቀ፤ በመደበኛው ስልክ ደቂቃው ወገብ የሚቆርጥ ዋጋ ሲኖረው በኮምፒውተሩ ከሞላ ጎደል በነፃ ይሆናል። ድምፁ ይንጣጣል፣ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፤ ግን የልጅ ድምፅ ነው። ለድሬዳዋና ለአካባቢዋ፣ ቤተሰቡ በጅቡቲና በዐረብ አገር ለተበተነ ሕዝብ፣ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

በ1994 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 281 ወጣ። በኢንተርኔት የድምፅም ሆነ የፋክስ አገልግሎት መስጠትም መጠቀምም ተከለከለ። በዚያው ዓመት በሌላው ዓለም የኢንተርኔት ስልኮች እርስ በርስ የሚግባቡበት ዋነኛ ደንብ፣ ዛሬም ቢሮ ለቢሮ የሚሠራው ሲፕ የሚባለው፣ ተሻሽሎ መሠረታዊ ቅርጹን ያዘ። ዓለም ቋንቋውን ሲያጸድቅ እኛ መናገርን ከለከልን። የመንግሥት ክርክር መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ከውጭ አገር የሚመጣ ጥሪ የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ገጠሩን የምናገናኘው በዚህ ገንዘብ ነው የሚል ነበር። ነገር ግን ዘመድ ከዘመድ ሲነጋገር እንደ ኮንትሮባንድ ነጋዴ አንገቱን እያዞረ እንዲሆን ማድረግ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ የትኛውም ሒሳብ መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ኢንተርኔት ቤቶች በር ገርበብ አድርገው፣ ደንበኛውን ጥግ አስቀምጠው፣ ማዳመጫ በሹክሹክታ የሚያቀብሉበት ዘመን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የባሰ አስገራሚ ነገር ይዘው መጡ። ወረዳኔት የሚባል ትልቅ የመንግሥት ኔትወርክ ተዘረጋ። ወደ ስድስት መቶ የሚሆኑ ወረዳዎችን በሳተላይትና በምድር መስመር ከአዲስ አበባ ጋር ያገናኛል ተባለለት። አገልግሎቶቹ ምን ነበሩ? በስክሪን ስብሰባ፣ መልእክት፣ ኢንተርኔት፣ እና በኢንተርኔት መንገድ የሚሄድ ስልክ! ለዜጋው ወንጀል የሆነው ለወረዳው ጽሕፈት ቤት የሥራ መሣሪያ ሆነ። መሣሪያዎቹ የተበተኑት በወረዳ፣ ጌታው የተቀመጠው በማእከል ነው። ከምኒልክ የሐረር መስመር አንድ መቶ ዓመት አልፎ እንኳ ያው ቅደም ተከተል አልተለወጠም፤ መጀመሪያ ትእዛዝ፣ ጨዋታ ኋላ።

በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 መጣ። በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ከ3 እስከ 8 ዓመት ጽኑ እሥራትና ያገኘው ገቢ አምስት እጥፍ መቀጮ፣ አገልግሎቱን ያገኘ ደግሞ ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት እሥራትና ከ2,500 እስከ 20,000 ብር መቀጮ ተደነገገበት። «ስካይፕ የሚያስፈታ ነው ወይስ የሚያሳስር?» ተብሎ በዓለም መገናኛ ብዙኃን ጭምር ሲወራ መንግሥት ስካይፕ መጠቀም አልተከለከለም ብሎ ማስተባበያ ሰጠ። የሚገርመው፣ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ የተነሣበት ስካይፕ ራሱ በ2017 ዓ.ም. ተዘጋ። ሕግ ከዕቃው ዕድሜ በላይ ይኖራል።

አሁን ዘመኑ ተለውጧል። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ዘርፉ ለውድድር ተከፈተ፤ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንም ተቋቋመ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሁለተኛው ኦፕሬተር ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራውን ሲሞክር የመጀመሪያዋ ከተማ ማን ሆነች? ድሬዳዋ። የመጀመሪያው ረጅም መስመር ከምሥራቅ እንደተጀመረ ሁሉ አዲሱም ከምሥራቅ ተጀመረ። ዛሬ በኢንተርኔት መደወል ሹክሹክታ አይደለም፤ አያቶች በዋትስአፕ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በምስል ይጫወታሉ። የቢሮ ስልክም በዓለም ዙሪያ ከሽቦ ወደ ኢንተርኔት እየተሻገረ ነው። እንግዲህ ጥያቄው «ይፈቀድ ወይስ ይከልከል» ከሚለው አልፏል። የዛሬው ጥያቄ «ቁልፉ በማን እጅ ነው?» የሚል ነው።

*

ቁልፍ ስል በቀልድ አይደለም። ሩቅ ሆኖ ስልክ የሚያስተዳድር ሰው የያዘው ቁልፍ የአንድ በር ቁልፍ አይደለም፤ የሰፈሩን በር ሁሉ የሚከፍት ነው። እንዲህ ያለ ቁልፍ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ጀርመኖች አይተውታል።

ድርጅቶች የደንበኛን መሣሪያ ከሩቅ የሚያስተካክሉበት ሌላ የታወቀ ደንብ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ነው። በዚህ መንገድ የኢንተርኔት ሳጥኖችና ስልኮች ማንም ባለሙያ ቤት ሳይገባ ይስተካከላሉ። በኅዳር 2009 ዓ.ም. አንድ አጥቂ ለሩቅ አስተዳደር ክፍት በተተወው በር በኩል ገብቶ መሣሪያዎችን በራሱ ትእዛዝ ሥር ለማድረግ ሞከረ። ሙከራው አልያዘለትም፤ መሣሪያዎቹ ግን ተንኮታኮቱ። ወደ 900,000 የሚሆኑ የዶይቸ ቴሌኮም ደንበኞች ችግሩ ደረሰባቸው፤ ኢንተርኔቱም፣ ቴሌቪዥኑም፣ የቤት ስልኩም አብሮ ሄደ። ስልኩ በኢንተርኔት ላይ ስለነበር «ስልኬ አልሠራ አለ» ብሎ በዚያው ስልክ መደወል እንኳ አልተቻለም። በኋላ የተያዘው ሰው ለፍርድ ቤት እንደተናገረው ዓላማው ጀርመን አልነበረችም። ሊቤርያ ውስጥ ያለ አንድ የቴሌኮም ድርጅት ለማጥቃት የሚያዘምተውን የመሣሪያ ጦር እየመለመለ ነበር። የሁለት የአፍሪካ ነጋዴዎች ፉክክር የጀርመንን ቤት አጨለመ ማለት ነው። ሽቦ በሌለበት ዘመን ምስጥና ዝሆን እንደዚህ ዓይነት መልክ አላቸው።

የሌባው ቁልፍ ይቅር፤ የባለቤቱስ? በ1997ቱ ምርጫ ማግስት የስልክ የጽሑፍ መልእክት ተቋርጦ እስከ ሚሊኒየሙ መባቻ፣ ሁለት ዓመት ያህል መቆየቱን የዘነጋ አለ? በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ካገር አገር ጠፍቶ ሦስት ሳምንት ያህል መክረሙንስ? በነዚያ ሳምንታት መደበኛው ጥሪ ይሠራ ስለነበር ሰው ቢያንስ «ደህና ናችሁ?» ሊባባል ቻለ። የጠረጴዛው ስልክ፣ የኪሱ ስልክ፣ የጤና ጣቢያው ስልክ ሁሉ በኢንተርኔት መንገድ ላይ በሆነበት ቀን ግን አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ሁሉንም ያጨልማል። ሁለት መንገድ የነበረው ሰው አንድ መንገድ ይቀረዋል።

የቢዮ አዋሌን ነገር ያነሳሁት ለዚህ ነው። ከሩቅ የሚስተካከል ስልክ ከማንም ይልቅ የሚጠቅመው ጠጋኝ የማይደርስበትን ሰው ነው። ሲሳሳት ግን ከማንም ይልቅ የሚጎዳውም እሱን ነው። አዲስ አበባ ያለ ባንክ ስልኩ በስሕተት ትእዛዝ ቢዘጋበት የራሱ ባለሙያ አለው፣ ሌላ መስመር አለው፣ አቤት የሚልበት ቢሮ መንገድ ተሻግሮ ነው። ኮረብታ ላይ ላለ ሰው ግን ስልኩ ሌሊት «ታድሶ» ጠዋት ቢደርቅ ምን እንደሆነ የሚነግረው የለም። መብራት ጠፍቶ ይሁን፣ መስመር ተቆርጦ ይሁን፣ ሒሳብ አልተከፈለም ተብሎ ይሁን፣ ሩቅ ያለ ልጅ አንድ ሆሄ ተሳስቶ ጽፎ ይሁን ከስልኩ መልክ አይታወቅም። የሚያጉረመርምበት ፊት የለም። የድሮው ቴሌፎነኛ «መስመር የለም» ሲል ቢያንስ ፊቱ ይታይ ነበር፤ ውሸቱን ከሆነ ካይኑ ይነበባል።

ይሉኝታ ለሰርቨር አይጫንም። ስለዚህ ይሉኝታ ይሠራው የነበረውን ሥራ በጽሑፍ መተካት ግድ ነው። ሰው ቤት የሚገባ ሰው «ቤቶች!» ብሎ ይገባል፤ ከሩቅ የደንበኛን ስልክ የሚነካም አስቀድሞ «ዛሬ ማታ በዚህ ሰዓት ይህን ልለውጥ ነው» ይበል። የነካውንም ይጻፍ፤ ማን፣ መቼ፣ ምን ለወጠ የሚል መዝገብ ይኑር፤ ደንበኛው ሲጠይቅ ይታይ። የደንበኛው የጥሪ ዝርዝር የደንበኛው ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የግል መረጃ ባለቤት አለው ይላል። አዋጁ ወረቀት ላይ እንዳይቀር ውል ሲፈረም መነሣት አለበት። ደንበኛው ድርጅት ልቀይር ሲል ስልኩ የፋብሪካውንና የቀድሞውን ጌታ ስም ብቻ እየጠራ ድንጋይ ሆኖ እንዳይቀር፣ ሲሰናበቱ ቁልፍ ማስረከብም በውሉ ውስጥ ይግባ። ቋንቋም አለ። ኮረብታው ላይ ያለ ሰው ችግሩን በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ቢናገር ማዶ ያለው ሰው ይስማው። «ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚል ቴፕ ቋንቋ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ በየአካባቢው አንድ ሰው ይሠልጥን። ኢንጂነር መሆን የለበትም። ገመዱን ነቅሎ መሰካት፣ መብራቱን ማየት፣ ከስልኩ ሥር የተለጠፈውን መለያ አንብቦ መናገር የሚችል፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ አንድ ልጅ ይበቃል። በ2000 ዓ.ም. ዙሪያ ስልክን ለገጠሩ ሰው በ5 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ማድረስ የቴሌ ትልቅ ዕቅድ ነበር። አሁን የሚያስፈልገው የስልኩን አዋቂ በእግር መንገድ ርቀት ማድረስ ነው። የሩቁ ዘመድ ይኑር፣ ይርዳ፤ የቅርቡ ጎረቤት ግን አይቅር። ሁለቱ ሲተባበሩ ነው ቤት የሚቆመው።

ይህ ሁሉ ሕግና በጀት ይጠይቃል፤ ጊዜ ይፈጃል። እስከዚያው ግን ነገ ጠዋት ሊደረግ የሚችል፣ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገር አለ። ከሩቅ የሚተዳደር ስልክ በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ሁሉ ላይ፣ በየትኛውም ቀበሌ፣ ከስልኩ ጎን አንዲት ወረቀት ትለጠፍ። ወረቀቷ ላይ ይህን ስልክ የሚያስተዳድረው ሰው ስም፣ ያለበት ከተማና ስልኩ ሲዘጋ በሌላ ስልክ የሚገኝበት ቁጥር ይጻፍ። የድሮው ቴሌፎነኛ ብዙ ነውር ነበረበት፤ ስሙን ግን ከተማው በሙሉ ያውቀው ነበር።